ዓርብ ወንበሮቹ ሲነሱ

ሞንትሪያል፣ ማርች 3 ቀን 1996

ይድረስ ለእህቴ ለጂስሌን፤

ሰላምታዬ ከዚህ ከበረዶ አገር ተነስቶ፣ ባሕሩን አቋርጦ እስከ ደጃፋችሁ ይድረስ። እንደምን ከረማችሁ? እናትሽ፣ አክስቴ ሌኦንቲንስ እንዴት ናት? ልቧ፣ ጉልበቷ፣ ዓይኗ? እኔና ባለቤቴ ማርጋሬት እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ሳልጽፍላችሁ ሁለት ገና ማለፉን አውቃለሁ። ሥራ ነው፣ ምን ላድርግ። ወቀሳሽን ጨርሰሽ ስታበቂ ግን ይቺን አንብቢያት፤ ልመጣ ነው!

የማርጋሬት አባትና እናት ጡረታ ወጥተው ፓሪስን ማየት አማራቸው፤ እኛም አብረን እንሄዳለን። ከአስጎብኚ ቡድን ጋር ነው። መርሐ ግብሩን ስገልጥ ምን ተጽፎ ባገኝ ጥሩ ነው? «የአንድ ቀን ጉዞ ወደ ቤልሩቭር፤ የታላቁ ካቴድራል ጉብኝት።» በሳቅ ልሞት ነበር። ሰው ውቅያኖስ አቋርጦ የእኛን ከተማ ሊያይ! እነዚያ ድንጋዮች ላይ ስንቴ ጉልበቴ እንደተላጠ ቢያውቁ!

ቀኑ ሜይ 10 ነው፣ ዓርብ። ለአክስቴ ንገሪያት። እናትና አባቴ ሲሞቱብኝ፣ በስድስት ዓመቴ እጄን ይዛ ወደ ቤቷ ያስገባችኝን ሴት ሳላይ የምመለስ እንዳይመስላት። ጥንቸል በሰናፍጭ ካልሠራች ግን ከደጅ እመለሳለሁ በያት።

ናፋቂያችሁ
ሬዢ


ቤልሩቭር፣ ማርች 19 ቀን 1996

ለወንድሜ ለሬዢ፤

ጤና ካንተ አይራቅ፣ በረዶውም ይዘንልህ። እኛ አለን፤ እማዬም አለች።

ደብዳቤህ ሲደርስ እማዬ ድንች እየላጠች ነበር። አነበብኩላት። «ድገሚው» አለችኝ፤ ደገምኩት። «ዓርብ ነው ያለው?» «አዎ፣ ዓርብ።» «እንግዲያውስ ወንበሮቹ ይነሳሉ» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ኋላ ሳይ ልጣጩን ድስቱ ውስጥ፣ ድንቹን ቆሻሻው ውስጥ ስትከት ኖሯል።

ባሕር ማዶ አስረስቶህ ከሆነ ላስታውስህ። ያ የካቴድራሉ ወለል ላይ በድንጋይ መስመር የተሠራው፣ ሰው እየጸለየ እስከ መሃሉ ዞሮ የሚጨርሰው ጠመዝማዛ መንገድ ዛሬም ሳምንቱን ሙሉ በወንበር ተሸፍኖ ነው የሚውለው፤ የሚገለጠው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። የእማዬ ወገብ የጎበጠው እነዚያን ወንበሮች ስታነሳና ስታሰልፍ አይደል? አሁን የሚያነሱት ጎረምሶች ናቸው። «እየጎተቱ ድንጋዩን ይቧጭሩታል፣ እጃቸው ይሰበር!» እያለች ዓርብ በመጣ ቁጥር ትረግማቸዋለች።

አሁን ደግሞ «ሬዢ መንገዱን ይሂደው» የምትል ሆናለች። ልጅ ሳለህ ጀምረኸው ጎረቤታችን ሲዶኒ መሃል ላይ ጠርታህ ሳትጨርስ መቅረትህ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። ያን ቀን ሲዶኒ ላይ የወረደው ስድብ! «ያንን መንገድ የያዘ ሰው ቤቱ ቢቃጠል አይጠራም! አንቺ የቤልሩቭር ሰው አይደለሽም ወይ?» ሲዶኒ እስካሁን ስታወራው ጆሮዋን ትይዛለች።

አሁን የማወራህ ቁም ነገር ነው። ሐኪሙ ባለፈው ወር ለብቻዬ ጠርቶኝ ነበር። ልቧ ደክሟል፤ መጪውን ገና አትቁጠሩ አለኝ። ማንም አልነገራትም፤ ግን ታውቃለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንተ ገበታዋ ላይ ተቀምጠህ ስትበላ ማየት። ስጦታ አትፈልግም፣ ሌላም አትፈልግም። እኔ ግን ከዚያ አገራችሁ ከሜፕል ዛፍ የሚወጣውን ጣፋጭ ሽሮፕ ሁለት ጠርሙስ እፈልጋለሁ። እኔ ሰው ነኝ፣ ቅድስት አይደለሁም።

ማርጋሬትን ይዘህ ና፣ አማቾችህንም። ወንበር ከሲዶኒ እንዋሳለን። ባለ ሥጋ ቤቱ ኦክታቭ ካሁኑ «የካናዳው ሚኒስትር መቼ ነው የሚገቡት? ጥንቸሏን ላደልብ?» እያለ ያላግጥብኛል።

መንገድህን ያቅናልህ፤
እህትህ ጂስሌን


ሞንትሪያል፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1996

ለእህቴ ለጂስሌን፤

ሰላምና ጤና ከቤታችሁ አይጉደል። ደብዳቤሽ ደስ አሰኝቶኛል፤ ስለ አክስቴ ልብ ያልሽው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ሐኪሞች ማስፈራራት ይወዳሉ፤ ልብ አትበዪው።

አንዳንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው የምጽፈው። የማርጋሬት አባትና እናት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ቋንቋችንንም አይሰሙም። በዚያ ሁሉ ደረጃ ቁልቁል ታችኛው ከተማ ድረስ ላወርዳቸው አልችልም። ማርጋሬትም ከነሱ አትለይም። ስለዚህ የምመጣው ብቻዬን ነው። ረፋዱ ላይ በባቡር ደርሰን ካቴድራሉን ካየን በኋላ፣ እነሱ አደባባዩ ላይ ምሳ ሲቀመጡ እኔ ሹልክ ብዬ እወርዳለሁ። አንድ ሰዓት ያህል አገኛለሁ።

አደራሽን፣ ባቡር ጣቢያ እንዳትመጡ። ካቴድራሉ ጋም አትጠብቁኝ፤ አክስቴን በዚያ ዳገት ማንገላታት ግፍ ነው። ቤት ሁኑ፣ እኔው እመጣለሁ። ሲዶኒም፣ ኦክታቭም፣ ሰፈሩም ባይሰማ ደስ ይለኛል። ማርጋሬት ስለ ልጅነቴ ብዙ የምታውቀው ነገር የለም፤ የድሮ ነገር አንስቼ ላስጨንቃት አልፈልግም። አንቺ አስተዋይ ነሽ፣ ይገባሻል።

ሽሮፑን ገዝቻለሁ።

ወንድምሽ ሬዢ


ቤልሩቭር፣ ኤፕሪል 25 ቀን 1996

ለሬዢ፤

ደህና ሁንልን። የመጣው ደብዳቤ ሁሉ እንደመጣው ይነበባል፤ የቤታችን ደንብ ነው። «አንድ ሰዓት» ያልከው ላይ ስደርስ ግን «ከሰዓት በኋላውን ሙሉ» ብዬ ልዘለው አስቤ ነበር። ድምፄን ታውቀዋለች፤ «ደግሞ ምን ዋጥሽ?» አለችኝ። ነገርኳት።

«ጥንቸል ለመብላት አንድ ሰዓት ይበቃል» አለች።

«ለፖም ኬኩስ?»

«ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ። ባቡር ላይ ይበላዋል።»

ሲዶኒ አትስማ ትላለህ። ሲዶኒ እኮ የምትኖረው ከግድግዳው ወዲያ ነው፤ እማዬ ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምትላት እሷ ናት። ኦክታቭም ጥንቸሏን ማደለብ ጀምሯል፣ ስም ሁሉ አውጥቶላታል። የወጣላት ስም ያንተ ነው።

ዳገቱን አትውጣ ያልከውን ነግሬያታለሁ። መናገር የኔ ነው፤ እሷን ማዘዝ ግን አንተም ልጅ ሆነህ ሞክረኸው አልሆነልህም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እኛ እንዳናሳፍርህ ነው የፈራኸው? እሺ፣ ተውኩት። አልጠየቅኩህም። ሽሮፑንም ተወው። ብቻ ና።

ጂስሌን


ሞንትሪያል፣ ሜይ 21 ቀን 1996

ለውድ እህቴ ለጂስሌንና ለምወዳት አክስቴ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ከናንተ ጋር ይሁን። እኛ በደህና ተመልሰን ገብተናል።

እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ዓርብ ጠዋት ፓሪስ ጣቢያው ስንደርስ የባቡር ሠራተኞች አድማ መተዋል ተባልን። አገራችንን ታውቂያት የለ! ወደ ቤልሩቭር አንድም ባቡር አልሄደም። አስጎብኚዋ በምትኩ ሙዚየም አስገባችን። እኔ ሥዕል እያየሁ ልቤ ግን እናንተ ዘንድ ነበር። ሲዶኒ ቤት እንዳልደውል ቁጥሩን እዚህ ረስቼው ሄጄ ነበር። እንዴት እንደተናደድኩ ማርጋሬትን ብትጠይቂያት ትነግርሽ ነበር።

አክስቴ በከንቱ እንዳልደከመች ተስፋ አደርጋለሁ። ሽሮፑን በፖስታ ልኬልሻለሁ፤ ለሷም ከፓሪስ የገዛሁላትን የሱፍ ሻርፕ አብሬ ከትቻለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ብቻዬን እመጣለሁ፤ ለአንድ ቀን ሳይሆን ለሳምንት። ያኔ ጥንቸሉ ሁለት ይሆናል።

ምን አለች? ተቀየመችኝ? ቶሎ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ሬዢ


ቤልሩቭር፣ ጁን 28 ቀን 1996

ለሬዢ፤

ጤና ይስጥልን። መልሴ የዘገየው ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እማዬ «ምን ልትጽፊ ነው?» እያለች ስለምትነጥቀኝ ነው። ስለዚያ ዓርብ አንዲት ቃል እንዳልጽፍልህ አስምላኛለች። ማልኩ፤ ስለዚህ አልጽፍም።

ስለ አድማው ሰምተናል። የሰማነው ግን ካንተ ብቻ ነው። የኦክታቭ እህት በዚያው ጠዋት ከፓሪስ በባቡር መጥታለች፤ በእግሯ መጥታ ካልዋሸችን በቀር።

ከዚህ በታች ያለው የእማዬ ቃል ነው። እሷ ስትናገር እኔ ጻፍኩ፣ ምንም አልጨመርኩበትም፦

«ልጄ ሬዢ፣ ባቡር ነው፣ ምን ይደረጋል። አልተቀየምኩህም። ሻርፑ ደህና ያሞቃል። ስትሄድ ግን እጅህን ወደ ኋላ አታጣምር፤ አባትህም እንደዚያ ነበር የሚሄደው፣ ሰውን ያስረጃል። ፀጉርህም ሳስቷል፤ ብርድ ሲሆን ባርኔጣ አድርግ። ደግሞ ከስተሃል። ያቺ ልጅ አታበላህም እንዴ? ስትችል ና። ሳህንህን አላነሳሁትም።»

ይሄን ሁሉ እንዴት አወቀች ብለህ እኔን አትጠይቀኝ። ምያለሁ አልኩህ እኮ።

ጂስሌን


ሞንትሪያል፣ ጁላይ 9 ቀን 1996

ለእህቴ ለጂስሌን፤

ሰላም ለናንተ ይሁን። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ነው የምመልስልሽ።

አክስቴ ስለ ፀጉሬ ያለችው ገረመኝ። በቅርቡ ፎቶ ልኬላችሁ ነበር እንዴ? ምናልባት ልኬ ይሆናል፣ ረስቼዋለሁ። እኔን የሚመስል ሰው ደግሞ ሞልቷል፤ ያቺ ከተማ በበጋ በእንግዳ ትጥለቀለቅ የለ? አንዱን አይቶ እሱ ነው የሚል አይጠፋም። ሲዶኒ ነገር ማሞቅ እንደምትወድ ታውቂያለሽ።

እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ ያን ቀን ካቴድራል ወጥታችሁ ነበር? እኔ ቤት ሁኑ ብዬ ጽፌ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር፤ ከእንግዲህ ስትጽፊልኝ በቢሮዬ አድራሻ አድርጊው። ማርጋሬት ቋንቋችንን መማር ጀምራለች፤ በየደብዳቤው የቤተሰብ ጭቅጭቅ እንድታነብ አልፈልግም።

ሬዢ


ቤልሩቭር፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1996

ለሬዢ፣ ለቢሮው፤

እግዚአብሔር ልብ ይስጥህ። ሌላ ምርቃት አልመጣልኝም።

የጠየቅከኝን ለእማዬ አላነበብኩላትም፤ የቤታችንን ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈረስኩ። እማዬ ከአልጋ ከወደቀች ሰንብታለች። እግሯ አብጧል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ሐኪሙ አሁን የሚመጣው በየቀኑ ነው።

ሬዢ፣ ነገሩንም ስድቡንም ትቼ እለምንሃለሁ፤ ና። ገበታውም ይቅር፤ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥ፣ ይበቃታል። ምንም አትጠይቅህም። የኔን ፊት እንዳታይ እኔ ሲዶኒ ጋ እሄዳለሁ። ለማርጋሬት ለሥራ ነው በላት፤ የሚባል አታጣም። መምጣቱ ካልሆነልህ ደውልና ድምፅህን አሰማት። የሲዶኒን ቁጥር ከታች ጽፌልሃለሁ፤ ሽቦው ረጅም ነው፣ በመስኮት እስከ አልጋዋ ይደርሳል። ለክተነዋል።

እለምንሃለሁ፤
እህትህ ጂስሌን


ሞንትሪያል፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1996

ለውድ እህቴ ለጂስሌን፤

እግዚአብሔር ለአክስቴ ምሕረቱን ይላክላት፤ ላንቺም ብርታቱን ይስጥሽ። ዘገየሁ፣ ይቅርታ። ለመደወል ሁለት ጊዜ ስልኩን አንስቼ ነበር፤ ግን እዚህ አመቺ ሲሆን እዚያ መሽቷል፣ ሲዶኒን መቀስቀስ ከበደኝ።

ይህ ወር ፋታ የለውም። በጸደይ ግን በእርግጠኝነት እመጣለሁ፤ ንገሪያት፣ ጠንክራ ትጠብቀኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የማርጋሬት እናት ለሁላችንም የቤተሰብ አልበም እያዘጋጀች ነው፤ የኔ ገጽ ባዶ ነው። ከልጅነቴ ፎቶ አንድ ብትልኪልኝ። ካቴድራሉ በር ላይ የተነሳሁት መኖር አለበት። ብቻዬን ያለሁበት ቢሆን ይመረጣል።

ወንድምሽ ሬዢ


ቤልሩቭር፣ ዲሴምበር 2 ቀን 1996

ሬዢ፤

እማዬ ኖቬምበር 8 ቀን ሞተች። ደብዳቤህ የደረሰው ከቀበርናት በኋላ ነው። እስካሁን መሐላዋ አስሮኝ ነበር፤ አሁን አብሯት ሄዷል። እንግዲህ ስማኝ።

ያን ዓርብ ጥንቸሉን ምድጃ ውስጥ ከትተን፣ በሩን ቆልፈን ቁልፉን ለሲዶኒ አደራ ሰጥተን ወጣን። «ቤት ሁኑ ብሏል እኮ» አልኳት። «ሳያየኝ ልየው። ከዚያ ቀድመነው እንወርዳለን» አለችኝ። ሰማያዊ ካፖርቷን ለብሳለች። አምስት እርምጃ ሄደን እየቆምን፣ የሰው ግድግዳ እየተደገፍን ዳገቱን ወጣነው። ከዓምዱ ሥር፣ ገለል ከተደረጉት ወንበሮች አንዱ ላይ አስቀመጥኳት። እሷ ደግሞ ላብ እያጠመቃት የተጣመመውን ወንበር ሁሉ እየሳበች ማቃናት!

ቡድናችሁ ገባ። ከኔ ቀድማ ለየችህ። «ያውልሽ» አለችኝ፤ «ከስቷል።»

አስጎብኚዋ የላይኛው ከተማ ልጅ ናት። አንድ ነገር ስትጠይቃት አነጋገርህን ሰማችና ሳቀች። «ውይ፣ እርስዎ የኛው ሰው ነዎት እንዴ! ታዲያ ዘመድ የለዎትም እዚህ?» አለችህ።

አንተም በዚያው በኛው አነጋገር «ማንም የለኝም፤ ሁሉም ሞተዋል» አልካት።

ከዚያ ለማርጋሬት በነሱ ቋንቋ የሆነ ነገር ነገርካት። ክንድህን ዳበስ ዳበስ አደረገችህ። ምስኪን፣ አዘነችልህ።

ዞር ስትል አየኸን። አላየሁም እንዳትለኝ፤ ፊትህ ሲለወጥ ቆሜ አይቻለሁ። እማዬ እጇን እስከ ደረቷ አንስታ ነበር፣ ሰላም ልትልህ። አንተ ግን ጠመዝማዛው መንገድ ውስጥ ገባህ።

ልጠራህ ተነሳሁ። ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ፤ ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደመጣ እንጃ። «ሲሄድ አይጠራም!» አለችኝ።

«እማዬ፣ ሞተዋል ነው እኮ ያለው!»

«ሰምቻለሁ፣ ደንቆሮ አይደለሁም። መንገዱን ይዟል። ይጨርስ፣ ከዚያ እንጠራዋለን።»

አንተም ታውቀዋለህ። ያስተማረችህ እሷ ናት። በዚያ ከተማ ውስጥ እማዬ አንተን የማትጠራበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ሮጠህ የገባኸውም እዚያ ነው። ከሷ ለመደበቅ የሷኑ ደንብ ተጠቀምክባት። አንገትህን ደፍተህ፣ እጅህን ወደ ኋላ አጣምረህ ስትዞር በአጠገባችን አለፍክ፤ የካፖርትህ ጫፍ ጉልበቷን ነካው። አልጠራችህም። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጠበቀችህ።

አስጎብኚዋ ዣንጥላዋን አንስታ «ምሳ!» ስትል፣ መሃሉ ላይ እንኳ ሳትደርስ መስመሮቹን ረጋግጠህ ቀጥ ብለህ ወጣህ። የቤልሩቭር ልጅ እንዲያ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። እማዬን ደግፌ እስካነሳት ድረስ ሄደሃል። «አሁንም አልጨረሰም» አለች።

ይሄ ሁሉ ሆኖ፣ ቁልቁለቱን ስንወርድ «ቶሎ በይ፣ ቀድሞን ከደረሰ በሩ ተቆልፏል» እያለች ታጣድፈኝ ነበር። ሰው ጉድ ነው! ሳህንህን አቀረበች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ሲዶኒ መጥታ «እንግዳችሁስ?» ስትል እማዬ ምን ብትላት ጥሩ ነው? «የባቡር አድማ ነው አሉ።» አየህ፣ አድማውን መጀመሪያ የፈጠረችው እሷ ናት። ኋላ ያንኑ ካንተ ደብዳቤ ሳነብላት ሳቀች። «ያሳደግኩት ልጅ ነው እኮ፤ ስንዋሽ እንኳ አንድ ነን» አለች። ከዚያ ሻርፑን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ጥንቸሉን የበላው የሲዶኒ ድመት ነው።

ስልኩን እስከ መጨረሻው ቀን አልጋዋ ላይ አድርገንላት ነበር። መስመሩ እንዳይያዝብህ ብላ ሲዶኒን ማንም ጋ እንዳትደውል ከልክላታለች።

ፎቶውን ልኬልሃለሁ። ብቻህን የተነሳኸው የለም። ሁሉንም አገላብጬ አየሁ፤ ሁሉም ላይ እጅህን ይዛሃለች። መቀስ አንተው ፈልግ።

አሁን ለማርጋሬት አልዋሸሃትም። ማንም የለህም፣ ሁሉም ሞተዋል። እኔንም ከነሱ ቁጠረኝ።

በጸደይ ከመጣህ ግን ዓርብ ቀን ና፣ ወንበሮቹ ይነሳሉ። መንገዱን እስከ መጨረሻው ሂደው፤ አትቸኩል፣ አትፍራም። ስትወጣ የሚጠራህ ሰው የለም።

ጂስሌን